ሐኪሙ አልመጣም ያልኩባቸው ቀናት

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሠላሳ ዓመት አጠገቤ ኖራ ሳታውቀው ሞተች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ መያዣ እሄድና ትንንሾቹን እዘረዝርላቸዋለሁ፤ መማሌን፣ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን። እሳቸው "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ይህን በምልበት ጊዜ ሁሉ ፊቷን በነጠላ ጫፍ የሸፈነች አንዲት ልጅ ትታየኛለች። እሷን እያየሁ ነው የለም የምለው። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ስለማላውቃችሁ፣ ነገም መንገድ ላይ ስለማታገኙኝ ነው የምናገረው እንጂ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ስሜ ተሰማ ነው። ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ገብቼ ድንጋይ ስፈልጥ ቆይቻለሁ፤ ጣሊያንኛውን የለቃቀምኩት እዚያ ነው። ድንጋዩ ሲሰለቸኝ ወደ ደሴ ወጣሁ። ያጎቴ ልጅ እዚያው መንገድ ሥራው ላይ ካቦ፣ የሠራተኛ አለቃ፣ ነበርና "በፈለግህ ጊዜ ተመለስ፣ ሥራህ አለ" ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ "ምን ያድርግ፣ ርቦት ነው" ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ደሴ ላይ ሥራዬ እንግዳ መቀበል ሆነ። ከኮምቦልቻ የሚወጣው ካሚዮን ሰው የሚያወርድበት፣ ከሐይቅ የሚመጣውም እግረኛ የሚያልፍበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ከተማ አይቶ የማያውቅ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ዕቃውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንጋጦ እያየ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። እኔን የመሰሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲያዩ ይሻሙበታል። አንዱ አቁማዳውን፣ አንዱ የአህያውን ገመድ ይጎትታል። እኔ ግን ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰውየው ግራ ሲጋባ ቀስ ብዬ እቀርብና "አባቴ፣ ይጠንቀቁ፤ ይህ ከተማ አታላይ የበዛበት ነው" እለዋለሁ።

ከዚያም አስተምረዋለሁ። "ያገርዎ ሰው ነኝ" ብሎ የሚጠጋዎትን አይመኑ፤ የመንደርዎን ስም ከእርስዎው አፍ ሰምቶ ነው መልሶ የሚነግርዎ። ብርዎን በጣሊያን ገንዘብ ልመንዝርልዎ የሚል ካለ ይራቁት። ከብትዎን ላቆይልዎ ለሚል ገመዱን አይስጡ። ለዳኛ ወይም ለሐኪም አቀርብዎታለሁ ብሎ እጅ መንሻ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ደጃፋቸውንም አያውቀው። እንዲህ እያልኩ እመክራለሁ። የምነግራቸው ሁሉ እውነት ነበር። ያን ምክር ሰምቶ ከነመቀነቱ አገሩ የገባ ስንት ሰው አለ። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ነገር እጨምራለሁ፤ "ስለዚህ ከእኔ በቀር ማንንም አይጠይቁ።" ወጥመዴ ይህች ነበረች።

እንግዳዬን ሰኞ ገበያ አጠገብ መንገደኛ ወደምታሳድረው ወደ ወይዘሮ ሩቅያ ቤት እወስደዋለሁ። ውላችን ቀላል ነው። ያመጣሁት እንግዳ እቤቷ እስካለ ድረስ ራቴን እበላለሁ፣ ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል እተኛለሁ። እንግዳው ሲሄድ እኔም እወጣለሁ።

በበጋው ይህ ችግር አልነበረውም፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። ክፉው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ መኸሩ ሳይደርስ ያለው ነው። ገበሬው ጎተራው ባዶ፣ እህሉ ገና ማሳ ላይ፤ ምን ይዞ ደሴ ይመጣል? መንገዱም ጭቃው በቅጡ አልደረቀም። በዚያ ሰሞን የሚመጣው ወይ የታሰረበት፣ ወይ የታመመበት ሰው ብቻ ነው። እሱን ያገኘ ደግሞ አይለቀውም።

አያ ይመር የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፤ ጥቅምት እንደገባ።

ከቢስቲማ በላይ ካለ መንደር ተነስተው፣ ሐይቅ አድረው ነበር የመጡት። ልጃቸው አህያ ላይ ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ ስለሚወጋት ፊቷን በነጠላ ጫፍ ሸፍናለች። አያ ይመር ሲያዩኝ "አሰላሙ" ብለው ጀመሩና ማተቤን አይተው "እንደምን ዋልህ ወንድሜ" አሉኝ። ልጃቸው ከያዛት ኩፍኝ ብትነሳም ዓይኗ አልድን እንዳለ ነገሩኝ። ደሴ የዓይን ሐኪም መጥቷል፣ ጣሊያን ነው፣ ያገሩንም ሰው ያያል ሲባል ሰምተው፣ ጊደራቸውን ሸጠው መምጣታቸውን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ የተለመደውን ምክሬን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። "አላህ ነው አንተን የጣለልን" አሉኝ።

የልጅቷ ስም ሀዋ ነው። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቷ ነበር። ወይዘሮ ሩቅያ ቤት ገብተን ነጠላውን ስታነሳ አየኋት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ የዓይኗ ቆብም አብጧል፣ መግል ይዟል። ብሌኑ ግን ደኅና ነበር፤ አይቼዋለሁ። እሷም አየችኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ክር በጣቷ እያሳየች "ጥቁር ነው" አለች። ታይ ነበር። ይህን አትርሱብኝ፤ እኔ እጅ በገባችበት ቀን ሀዋ ታይ ነበር።

ወዲያው ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ሐኪሙ የሚያይበትን ቤት አውቀዋለሁ። ዘበኛው "ያገሩን ሰው የሚያዩት ጠዋት ጠዋት ነው፤ ነገ በማለዳ ይምጡ" አለኝ። ዋጋም አይጠየቅም፣ እጅ መንሻም አያሻም ነበር። ቁልቁል ስመለስ ምን እያሰብኩ እንደወረድኩ ልንገራችሁ። ነገ ይታያሉ፤ ከነገ ወዲያ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔም ከነገ ወዲያ ከሩቅያ ቤት እወጣለሁ። ይህን ብቻ ነው ያሰብኩት። ስለ ልጅቷ ክፉ አላሰብኩም። ስለ ልጅቷ ጭራሽ አላሰብኩም።

ገብቼ "ሐኪሙ ለሥራ ወጥቷል፤ በሦስት ቀን ይመጣል ብለውኛል" አልኩ።

እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው! አያ ይመር "ኢንሻአላህ፣ ሦስት ቀን ምን አላት" አሉ። ራት ቀረበ። በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ "ሐኪሙ ዘገየ፤ ለሰኞ ነው ተባለ" አልኩ። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳያስብ ዋሸ እንበል፤ በሦስተኛው ቀንስ ሳያስብ ነው? የልጅቷ ዓይን ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ነበር። ማለዳ ማለዳ የተጣበቀውን ቆብ አባቷ በለብ ያለ ውኃ ሲከፍቱላት አያለሁ። አትጮህም፤ ጥርሷን ትነክሳለች። እኔ ይህን እያየሁ ወጥቼ፣ ፒያሳ አንድ ዙር ዞሬ፣ ሐኪሙ ደጃፍ የተቀመጡትን በሽተኞች አይቼ እመለሳለሁ። ሐኪሙንም በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ሸሚዙን ሰብስቦ እጁን ይታጠብ ነበር። ተመልሼ "ሐኪሙ አልመጣም" እላለሁ።

አያ ይመር አንድ ቀን "እኔው ሄጄ ደጁን ልጠይቅ፤ አንተንም አሰለቸንህ" አሉ። እኔም "አባቴ፣ በዚያ ደጅ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አፍሰው ለመንገድ ሥራ የሚወስዱ አሉ። እርስዎ ቢታፈሱ ይህች ልጅ በማን እጅ ትወድቃለች?" አልኳቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከግቢ መውጣት ፈሩ። እኔ በሰው አገር አንድ ጎልማሳ ሰው በፍርሃት አሰርኩ፤ ገመድ እንኳ አላሻኝም።

ሰኞ ጠዋት "ሐኪሙ አሁንም አልመጣም" ብዬ ወጣሁ፤ ዕለቱም ገበያ ነበር። አያ ይመር ለአህያዋ ሣር ሊገዙ ብቅ አሉ፤ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ማታ ስገባ ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ።

"ያልከው ሰው መጣብኝ" አሉኝ።

"ማን?"

"ያገርዎ ሰው ነኝ የሚለው። ወላሂ ልክ እንዳልከው ነው የመጣው። ለሣር ሻጯ የልጄን ነገር ስነግራት ሰምቶ ከሐይቅ አጠገብ ነኝ አለ። የእኔም ልጅ ዓይኗ ታሞ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ አይቷት መጣሁ፣ እኔ ልውሰድዎት፣ ምንም አልፈልግም አለኝ። 'ሂድ ከፊቴ' አልኩት። እጄን ቢይዘኝ በዱላዬ ገፋሁት።"

ይህን ሲናገሩ በደንብ የተማረ ተማሪ ይመስሉ ነበር። ያ ሰው እውነተኛ ነበር። የታከመች ልጁን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እንደ እሱ የተጨነቀ አባት አይቶ ነው የቆመው። በእግሩ የመጣላቸውን መልአክ በእኔ ምክር በዱላ መለሱት። እኔ ምን አልኳቸው? "ደግ አደረጉ አባቴ" አልኳቸው።

ሀዋ ጥግ ላይ ተኝታ ትሰማ ነበር። አባቷ ለመስገድ ሲወጡ ጠራችኝ። "አያ ተሰማ፣ ከአጥሩ ውጭ የሚያልፉ ሴቶችም ሐኪሙ አለ ሲሉ ሰማሁ። ማልደን እንሂድ እያሉ ነበር" አለችኝ። ነጠላውን አላነሳችም፤ ድምፄ ወደሚመጣበት ፊቷን አዙራ ነው የምትናገረው። ያን ጊዜም ሰዓቱ አላለፈም ነበር። "እውነትሽን ነው፣ ነገ እንሄዳለን" ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ "እነዚያ ለአባትሽ የነገርኩት አታላዮች ናቸው። ይህን ለአባትሽ ብትነግሪው ተከትሏቸው ይሄዳል፣ ይዘርፉታል። ዝም በይ" አልኳት። ዝም አለች። የአሥር ዓመት ልጅ የዓይኗን ምስጢር ሆዷ ውስጥ ይዛ ዝም አለች፤ አባቷን ያዳነች መስሏት።

ለምን አደረግሁት? ለራት ነው? ወይዘሮ ሩቅያ ቤት፣ የሙስሊም ሥጋ ስለማልበላ፣ የጾሙን ሽሮ ነበር የምበላው፤ ያን ሽሮ ኮምቦልቻ ካጎቴ ልጅ ዘንድም አላጣውም። ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። የማገኘው መልስ ከራት የከፋ ነው። መታመን ይጣፍጠኝ ነበር። አንድ በአገሩ የተከበረ ሰው ከአፌ የሚወጣውን እየጠበቀ ሲውል፣ ሳልመጣ ሲቀር ሲጨነቅ፣ ስገባ ተነስቶ ሲቀበለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ካያት ይህ ሁሉ ያበቃል። እንዳያበቃ ብዬ አንዲት ልጅ አሳወርኩ።

በአሥረኛው ቀን ሀዋ ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ስታቃስት አድራ ጠዋት አባቷ ቆቡን ሲከፍቱት የቀኝ ዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኖ አየን። አያ ይመር አንዴ አዩና እጃቸውን አንስተው ተቀመጡ። "አገሬ ልውሰዳት። መሞቷ ካልቀረ እናቷ እጅ ላይ ትሙት" አሉ።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ሮጬ ፒያሳ ወጣሁ። ሁለት ቀን ወደዚያ ሳልወጣ ቀርቼ ነበር፤ ቤቱ ተዘግቷል። ዘበኛው "ከትናንት ወዲያ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ከዚያም ወደ አሥመራ ነው የሚሄዱት" አለኝ። ለአያ ይመር "ሐኪሙን አገኘሁት፤ ኮምቦልቻ ነው" ብዬ ካሚዮን ላይ አሳፈርኳቸው። ደግነት አይምሰላችሁ። ብትድን የምመሰገነው እኔ ነኝ ብዬ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ሀዋ አባቷ ጉልበት ላይ ተኝታ "ገደል አለው?" እያለች ትጠይቅ ነበር። አባቷ "አለው ልጄ፣ ዓይንሽ ሲድን በመመለሻችን ታይዋለሽ" ይሏታል።

ሐኪሙን ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ሳጥን ሲያሳስር አገኘነው። ወጣት ነው፤ ቁጡ ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍቶ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከመካከላችን ቋንቋውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"የት ነበሩ?" አለኝ።

"ደሴ" አልኩት። ሳላስብ አመለጠኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ስንት ቀን እንደሆነ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። "እስከ ከትናንት ወዲያ ድረስ እኔም ደሴ ነበርኩ። በየጠዋቱ። በመጣችበት ቀን አባቷ ቢያመጣት ሁለቱንም ዓይኗን አድንላት ነበር። ለምንድን ነው ያላመጣት?"

አያ ይመር "ምን አለ?" እያሉ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ከዚህ በኋላ የሠራሁት ከአሥሩ ቀን ይብሳል። ለሐኪሙ በጣሊያንኛ፣ "አላዋቂ ገበሬ ነው። በቅጠል አድናታለሁ ብሎ ደብቋት ነበር። እኔ ነኝ ለምኜ ያመጣሁት" አልኩት። ሐኪሙ በንዴት ተነስቶ አያ ይመር ላይ ጮኸ። የገዛ ልጅህን አሳወርካት ይላቸዋል፣ አባት አይደለህም ይላቸዋል። እሳቸው ቃሉን አይሰሙትም፤ "ምን አለ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም በአማርኛ፣ "የአላህ ሥራ ነው፤ ቀድማችሁ ብትመጡም አይድንም ነበር ይላል። አዝኖ ነው የሚጮኸው" አልኳቸው።

አያ ይመር ጎንበስ ብለው የሐኪሙን እጅ ሳሙ። የሰደባቸውን ሰው እጅ ሳሙ። ሐኪሙ እጁን ቀምቶ ቅባት በትንሽ ጣሳ አድርጎ ሰጠኝና ፊቱን አዞረ። ከድንኳኑ ስንወጣ እሳቸው እያለቀሱ መረቁኝ። "አንተ ባትኖር በደሴ ምን ይውጠን ነበር። አላህ ልጅህን ያሳይህ" አሉኝ። ለሐኪሙ ብለው ከአገራቸው ያመጡት ቅቤ ነበር፤ ሐኪሙ ስላልተቀበላቸው ለእኔ ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

የሀዋ ቀኝ ዓይን ጠፋ፤ ግራውም ከወር በኋላ ጠፋ።

አያ ይመር ከዚያ ወዲህ ዘመድ አደረጉኝ። መኸር ሲገባ ማሽላ ይልኩልኛል። በዚያ አገር "ደሴ ከሄዳችሁ ተሰማን ጠይቁ፤ ከአታላይ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው" እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ስሜ በዚያ ተሠራ። ጣሊያንም ሄደ፣ እኔም እዚያው ደሴ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ሽማግሌ ተባልኩ። ዛሬም ሰዎች "ጋሼ ተሰማ እውነተኛ ሰው ነው" ይላሉ። ከአያ ይመር አፍ የወጣ ወሬ ነው።

እሳቸው ሲሞቱ ለቅሶ ለመድረስ ቢስቲማ ወጣሁ። ሀዋ ሠላሳ ዓመት አልፏት ነበር። አላገባችም፤ ወንድሟ ቤት ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ሰው ሁሉ ሲወጣ ድምፄን ለይታ ወደ እኔ መጣች። ግድግዳውን ሳትነካ ነው የመጣችው።

"አያ ተሰማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር" አለች። "አባቴ በሕይወት እያለ አልጠይቅም ብዬ ነው የቆየሁት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ደሴ ነበር፣ አይደለም?"

አስቡት እንግዲህ። አባትየው ሞተዋል። ሩቅያም ሞታለች። የሚቀርብኝ ራት፣ የምባረርበት ቤት የለም። እሷም አልጮኸችም፣ አልከሰሰችኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ይዛው የኖረችውን አንድ ጥያቄ ነው ያወጣችው። አዎ ማለት እችል ነበር።

"አልነበረም" አልኳት።

"እሺ" አለች። "እንግዲያ እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት።" ከዚያ የወንድሟን ሚስት ጠርታ ለእጄ ውኃ እንዲያመጡልኝ አዘዘች። ለሟቹ የተዘጋጀውን የሰደቃ ምግብ በላሁ።

ዓይኗን ሳጠፋ ወጣት ነበርኩ ልል እችላለሁ። በጆሮዋ የሰማችውን እንኳ እንዳታምን ሳደርጋት ግን ጠጉሬ ሸብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ለማንም ሳልናገር ብኖር፣ ሁለተኛውን ለራሴም ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? የበደልኳት ሀዋ ናት፤ እሷም በሕይወት አለች። ወደ ቢስቲማ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት በሱቄ ደጃፍ ያልፋል፤ ከቀትር በፊት ይደርሳል ይላሉ። እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩበትም።